የጉባኤ የጉዞ ድጋፍ ስትጠይቂ «ስንት?» ከማለትሽ በፊት «መቼ ይከፈላል?» በይ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የዶክትሬት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምሠራው በጤፍ ሚዮሲስ (የዘር ሕዋስ በሚፈጠርበት የሕዋስ ክፍፍል) ላይ ነው። ከኦገስት 17 እስከ 21 ጀርመን ውስጥ በሚካሄድ የሚዮሲስ ጉባኤ ፖስተር እንዳቀርብ አብስትራክቴ ተቀባይነት አግኝቷል። አራት ወር ቀርቶታል። ዲፓርትመንታችን የአውሮፕላን ቲኬት መሸፈን እንደማይችል ነግሮኛል። አዘጋጆቹ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የጉዞ ድጋፍ እንዳለ ጽፈዋል፤ አሠራሩ ግን አልገባኝም። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ገንዘቡን፣ ቪዛውንና ፖስተሩን ከየት እንደምጀምር ቢመክሩኝ?»

ምላሽ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ከገንዘቡ ጀምሪ፤ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው መጠኑ ሳይሆን የሚከፈልበት ቀን ነው። ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠው የጉዞ ድጋፍ አብዛኛው ተመላሽ ነው። ቲኬቱን በራስሽ ገዝተሽ፣ ጉባኤውን ተካፍለሽ፣ አገርሽ ገብተሽ ደረሰኝ ስትልኪ ነው ገንዘቡ የሚመጣው። ክሬዲት ካርድ በኪሱ ለያዘ የአውሮፓ ተማሪ ይህ ትንሽ መጉላላት ነው። ላንቺ ግን ድጋፉን እንዳላገኘሽ ያህል ነው፤ የብር ካርድሽ በውጭ አገር የክፍያ ገጽ ላይ አይሠራም፤ ባንክ ደግሞ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አይቶ ነው። ቪዛው ግብዣና የገንዘብ ማረጋገጫ ይፈልጋል፣ ምንዛሪው ቪዛውን ይፈልጋል፣ ምዝገባው ምንዛሪውን ይፈልጋል። ክቡ የሚሰበረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አዘጋጆቹ ቀድመው እንዲከፍሉ በማድረግ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጻፊላቸው። ለጽሕፈት ቤቱ አድራሻ ብቻ ከላክሽው ከመቶ ደብዳቤ መካከል ይቀመጣል፤ የጉባኤውን ሳይንሳዊ ሰብሳቢ በግልባጭ አስገቢ። ደብዳቤው ከአሥር መስመር አይብለጥ። የአብስትራክትሽን ቁጥር፣ የዶክትሬት ተማሪ መሆንሽንና ፖስተር እንደምታቀርቢ ከጻፍሽ በኋላ ሦስት ነገር በቁርጥ ጠይቂ፦ የምዝገባው ክፍያ ከፍለሽ የሚመለስልሽ ሳይሆን ከመጀመሪያው የተነሣ እንዲሆን፤ ማደሪያው በእነሱ በኩል በቀጥታ እንዲከፈል፤ ቲኬቱን የእነሱ የጉዞ ወኪል በስምሽ እንዲገዛ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ፦ «ከአገሬ በካርድ ወደ ውጭ መክፈል አልችልም፤ ተመላሽ ድጋፍ ቅድሚያ የምከፍለው ገንዘብ ስለሌለኝ አያስኬደኝም»። ልመና አይመስልሽ። ሰብሳቢዎች ይህን ጥያቄ ከብዙ አገር ይሰማሉ፤ የሚያስቸግራቸው ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ባጀቱ ከተከፋፈለ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ትክክል ቢሆንም የሚሰጠው ነገር አይኖርም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አታቃልዪው። ሁሉም በአንድ ግቢ አድሮ በሚበላባቸው ጉባኤዎች፣ ለምሳሌ በጎርደን የምርምር ጉባኤዎች፣ ክፍያው አልጋውንና ምግቡንም ይጨምራል። እንዲህ ባለ ቦታ የምዝገባው መነሣት ወጪሽን በቲኬት፣ በቪዛና በኢንሹራንስ ብቻ ይወስነዋል። በተጨማሪም ካንቺ ወገን የተሸፈነ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ አሳዪ። ዩኒቨርሲቲው ቲኬት ባይገዛም ኢንሹራንሱን ወይም የፖስተር ማተሚያውን ከፕሮጀክት ሊሸፍን ይችላል። «ይህን እኛ፣ ያንን እናንተ» የሚል ሠንጠረዥ ያለው ማመልከቻ ሁሉንም ከሚጠይቀው ይቀድማል፤ ገምጋሚው የጎደለው ስንት እንደሆነና እሱ ቢሰጥ ጉዞው በእርግጥ እንደሚሳካ ስለሚያይ።

ጊዜ የሚበላ ስህተትም አለ፤ ያልታሰበልሽን ድጋፍ ማሳደድ። የብሪታንያው የሳይንስ አሳታሚ ዘ ካምፓኒ ኦቭ ባዮሎጂስትስ የሚሰጠው እስከ 3,000 ፓውንድ የሚደርስ የጉዞ ፌሎሺፕ ስሙ ጉባኤ መሄጃ ይመስላል፤ የሚሰጠው ግን ሌላ ላቦራቶሪ ሄዶ ለመሥራት ነው። ለጉባኤ ብትጠይቂበት ሳይነበብ ይወድቃል። (ጉባኤው ላይ የምትሠሪበት ላቦራቶሪ ካገኘሽ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ያዢው።) የአውሮፓ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ድርጅት (ኤምቦ) የሚደግፋቸው ወርክሾፖች ላይ ደግሞ የተሳታፊዎች የጉዞ ገንዘብ የሚያልፈው በአዘጋጆቹ እጅ ስለሆነ የምትጽፊው ለእነሱ ነው። ልጅ ካለሽ ስለ ልጅ መጠበቂያ ድጋፍም እዚያው ደብዳቤ ላይ ጠይቂ፤ አንዳንድ ጉባኤዎች ለብቻው ይመድቡለታል፤ ያልጠየቀ ግን አያገኝም።

አሁን ቪዛ። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ማለት በሩ አሁን ክፍት ነው። ለሌላው ዓለም የተለመደው የውሳኔ ጊዜ 15 ቀን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ግን ለኢትዮጵያ ዜጎች ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ምክንያቱ ካንቺ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎችን በመቀበል ጉዳይ የተነሣ የመንግሥታት አለመግባባት ነው። ውሳኔው ሌላም ይዟል፤ ኤምባሲው ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱን እንኳ ሊተውልሽ አይችልም፤ የሚሰጥሽም ቪዛ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ነው። ስለዚህ «እግረ መንገዴን ለንደን ያለችውን እህቴን አይቼ እመለሳለሁ» ማለት የለም፤ ከሸንገን ከወጣሽ መልሶ አያስገባሽም። ከኦገስት 17 ወደ ኋላ 45 ቀን ስትቆጥሪ ጁላይ 3 ላይ ትደርሺያለሽ። የቀጠሮ ወረፋና የጎደለ ሰነድ መኖሩ ስለማይቀር ፋይልሽ ከጁን 10 በፊት ገብቶ ይደር። ከማስገባትሽ በፊት ደንቡ እንዳልተቀየረ ኤምባሲው ገጽ ላይ አረጋግጪ።

የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የኅብረቱ የቪዛ ሕግ አንቀጽ 16 ለሳይንሳዊ ሴሚናር ወይም ጉባኤ የሚሄዱ ተመራማሪዎችን ከክፍያው ነፃ ማድረጉ ነው። ሕጉ ተመራማሪ የሚለው ዶክትሬት የያዘውን ብቻ ሳይሆን ዶክትሬት ለመግባት የሚያበቃ ዲግሪ ያለውንም ነው። የማስተርስ ዲግሪሽን ቅጂ፣ የግብዣውን ደብዳቤና የአንቀጹን ጽሑፍ አያይዘሽ በጨዋነት ጠይቂ። ገንዘቡን ግን ይዘሽ ሂጂ፤ መስኮት ላይ ክርክር ገጥሞ ቀጠሮ ከማጣት ከፍሎ መሄድ ይሻላል። ማመልከቻውን የሚቀበለው ወኪል ድርጅት ከሆነ የአገልግሎት ክፍያው በዚህ ነፃነት አይነሣም።

ከሰነዶቹ ውስጥ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በመላው ሸንገን የሚሠራ ይሁን። ፓስፖርቱ ከምትመለሺበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ቲኬት ቦታ ማስያዣው ይበቃል፤ ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትግዢ፣ ወኪሉም እንዳይገዛልሽ ንገሪው።

የሐበሻን ማመልከቻ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ስም ነው። አብስትራክቱን ስትልኪ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲልሽ የአባትሽን ስም ጻፍሽ እንበል። ፓስፖርትሽ ደግሞ በዚያ ቦታ ያስቀመጠው የአያትሽን ስም ነው። የግብዣው ደብዳቤ «ሰላም ከበደ»፣ ፓስፖርቱ «አለሙ፣ ሰላም ከበደ»፣ የሥራ ደብዳቤው በሌላ የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ «ሰላም ከባዳ» ይላሉ። ላንቺ አንድ ሰው ናቸው፤ ፋይሉን ለሚመረምረው ሦስት ሰው ናቸው። የጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውን በፓስፖርቱ ሙሉ ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር እንደገና እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ ቲኬቱም እንደዚያው። የምታሳትሚበት ስም ግን ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰል የለበትም፤ አንዱን መርጠሽ በኦርኪድ (የተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) አስሪው። ቀኖቹንም እዪ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ስምንት ዓመት ያረጀ መስሎ ይታያል።

የዲፓርትመንቱ ደብዳቤ «ትብብር ይደረግላት» የሚል ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ፈቃድ እንደተሰጠሽ፣ ደመወዝሽ እንደሚቀጥል፣ ስትመለሺ የሚጠብቅሽ ሥራ (የላቦራቶሪ ትምህርት፣ የቴሲስ ምዕራፍ) ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የአዘጋጆቹ ደብዳቤ ደግሞ ምኑን እነሱ እንደሚከፍሉ በዝርዝር ያስቀምጥ። «የጉዞ ድጋፍ ተሰጥቷታል» የሚለው ሐረግ ብቻውን የባንክ ሒሳብሽ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አይሞላም፤ «ምዝገባ፣ አምስት ሌሊት ማደሪያ፣ ምግብና የደርሶ መልስ ቲኬት በእኛ» የሚለው ይሞላል።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የጤፍ ሰው ስለሆንሽ። በደብዳቤም ሆነ እዚያው «ትንሽ ዘር ይዘሽልን ነይ» የሚል አይጠፋም፤ አብዛኛው በቅንነት ነው። እንዳታደርጊው። በአዋጅ ቁጥር 482/2006 መሠረት የዘረመል ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። በአውሮፓም ወገን ከዲሴምበር 2019 ወዲህ ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገባም። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የተመዘገበውን የባለቤትነት መብት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው፤ እዚያ እስኪደረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቂዋለሽ። መልስሽ «በተቋማችን በኩል የውል ጥያቄ አቅርቡ» ይሁን። የማይክሮስኮፕ ስላይዶችሽንም እቤት ተያቸው፤ ምስሉ ይበቃል።

ፖስተሩ ላይ ልቆይ፤ የክሮሞሶም ሰዎች ጽሑፍ ከማንበባቸው በፊት ምስል ያያሉ። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የሰው ክሮሞሶም ቁጥር ለሠላሳ ዓመት ያህል 48 ነው ተብሎ ሲያስተምሩበት ቆይቶ፣ ቲዮ እና ሌቫን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1956 ቁጥሩ 46 መሆኑን ያሳዩት በአዲስ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ክሮሞሶሞቹ ተበትነው በሚታዩበት በተሻለ ስላይድ ነው። ስለዚህ ፖስተርሽ ፊት የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቁጠር ነው። 20ዎቹን ባይቫለንቶች (የተጣመሩ የክሮሞሶም ጥንዶች) ቆጥሮ 19 ካገኘ ሌላውን አይሰማሽም። ሁለት ተደራርበው ከሆነ ቀስት አድርጊበት።

ጤፍ 2n=4x=40 ነው (አራት ስብስብ፣ በድምሩ 40 ክሮሞሶም)፤ ክሮሞሶሞቹ ደግሞ ጥቃቅን ናቸው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ምስሉን ይለጥጡታል። ስሌቱን እንየው። በ100 እጥፍ ሌንስ ፒክስሉ 6.5 ማይክሮሜትር በሆነ ካሜራ ስታነሺ አንድ ፒክስል 0.065 ማይክሮሜትር ይወክላል። ባይቫለንቶቹ የተበተኑበት ቦታ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ሙሉ ምስልሽ 308 ፒክስል ስፋት ብቻ አለው። ይህን ፖስተሩ ላይ 20 ሴንቲሜትር ካደረግሽው በኢንች 39 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ጭጋግ ነው የሚሆነው። 5 ሴንቲሜትር ገደማ ብታደርጊው 150 ነጥብ ይሆናል፤ ቀርቦ ለሚያይ ይበቃል። ሶፍትዌር ሲያለሰልሰው ያማረ ቢመስልም አዲስ መረጃ አይጨምርም። ዳፒ በሚባለው የዲኤንኤ ማቅለሚያ ብርሃን፣ የብርሃን መቀበያ ልኩ (ኒውመሪካል አፐርቸር) 1.4 በሆነ ሌንስ፣ ማይክሮስኮፑ ራሱ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች ያለውን አይለይም፤ ከዚያ ያነሰ ዝርዝር አየሁ የሚል ምስል ጥርጣሬ ይጋብዛል። እንግዲህ አንዱን ሕዋስ አግዝፈሽ ከመለጠፍ ስድስት ጥሩ ሕዋሶችን በትንሹ ደርድሪ፤ ከጎናቸው በእጅ የተሳለ አስረጂ ሥዕል ይኑር፤ ከርቀት የሚስበው ሥዕሉ ነው፣ ቀርቦ የሚያሳምነው ምስሉ።

የመጠን መስመሩን ከመቁረጥሽና ከማሳነስሽ በፊት ምስሉ ላይ አትሚው። 5 ማይክሮሜትር 77 ፒክስል ነው፤ 308ቱ ፒክስል 5.2 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲታተም መስመሩ 1.3 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ማስመሪያ ይዘሽ ለኪው። ካልገጠመ ብዙውን ጊዜ በ60 እጥፍ ሌንስ የተነሣ ምስል የ100 እጥፉ መለኪያ ተሰጥቶት ነው፤ ሳይለካ የታተመ ፖስተር ላይ ይህ በየጊዜው ይታያል።

ፊሽ ምስሎችሽን (የክሮሞሶም ክፍሎች በሚያበሩ ቀለሞች የሚለዩባቸውን) በአረንጓዴና በቀይ አታድርጊያቸው፤ ከአሥራ ሁለት የአውሮፓ ዝርያ ወንዶች አንዱ ያህል ሁለቱን አይለይም። አረንጓዴና ማጀንታ አድርጊ፤ ሲደራረቡ ነጭ ይሆናሉ፣ ለሁሉም ይታያል። እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው በጥቁርና ነጭ ከሥሩ አስቀምጪ። ስንት አንተር (የአበባ ዱቄት ከረጢት)፣ ከስንት ተክል፣ ስንት ሕዋስ እንደቆጠርሽ ቁጥሩን በርዕሱ አጠገብ ጻፊ፤ መጨረሻ ላይ በትናንሽ ፊደል አትደብቂው።

መጠኑን ከመወሰንሽ በፊት የሰሌዳውን ልክ ጠይቂ። ኤ0 በቁመቱ 84.1 በ118.9 ሴንቲሜትር ነው፤ ሰሌዳው 90 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው በአግድሙ ያተምሽው ፖስተር የጎረቤትሽን ይሸፍናል። አጠቃላይ ጽሑፉ ከ500 ቃል አይለፍ፤ ዋናው ፊደል ከ28 ነጥብ አይነስ። በጨርቅ ማሳተም ከቻልሽ ታጥፎ ከልብስ ጋር ይገባል፤ የወረቀት ቱቦ ግን አውሮፕላን ላይ ተረስቶ የሚቀር ዕቃ ነው። ፋይሉን በፍላሽም በኢሜይልም ያዢ። በኤ4 የታተመ ሃያ ቅጂም ያዢ፤ ለማስታወሻ ይወስዱታል። ያልታተመ ውጤት ምን ያህል እንደምታሳዪ ከአማካሪሽ ጋር አስቀድመሽ ተስማሚ። እንደ ጎርደን ባሉ ጉባኤዎች ፎቶ ማንሳትና ውጭ ማውራት የተከለከለ ነው፤ በሌሎቹ ግን ፖስተርሽ ከሰዓት በኋላ ስልክ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

አንድ ጥያቄ እንደሚመጣብሽ ዋስትና ልስጥሽ፦ «በጤፍ ሁለቱ ንኡስ ጂኖሞች (ከሁለት ወላጅ ዝርያዎች የመጡት የክሮሞሶም ስብስቦች) ለምን እርስ በርስ አይጣመሩም? የስንዴው ፒኤች1 አቻ አለው ወይ?» በስንዴ ይህን መጣመር የሚቆጣጠረው የክሮሞሶም ቦታ፣ ፒኤች1፣ ከ1958 ጀምሮ ይታወቃል፤ በ2017 ደግሞ 5ቢ ክሮሞሶም ላይ ካለው የዚፕ4 ጂን ቅጂ ጋር ተያይዟል። በ2020 የታተመው ዳቢ የተባለው ጤፍ ጂኖም ኤ እና ቢ ንኡስ ጂኖሞችን በ20 የክሮሞሶም ጥንድ ለይቶ ስላስቀመጠ የዚፕ4 ቅጂዎች ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ ከመሄድሽ በፊት ፈልገሽ እዪ። መልሱን ባታገኚም «ፈልጌ ይህን አየሁ፣ ይህ ግን አልተሞከረም» ማለት ሙሉ መልስ ነው። «እሱ የኔ ርዕስ አይደለም» ግን ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል።

ማብራሪያሽን በሁለት ልክ አዘጋጂ፤ የሠላሳ ሰኮንድና የሁለት ደቂቃ። የሠላሳው የሚጀምረው በውጤቱ ነው፤ ስለ ጤፍ ጥቅም የሚወራው መግቢያ ሰሚውን ያሸሻል፣ ከጠየቀ ትነግሪዋለሽ። ከጉባኤው ሁለት ሳምንት በፊት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዎች «ፖስተር ቁጥሬ ይህ ነው፣ ስለ ኪያዝማ (ክሮሞሶሞች ቁራጭ የሚለዋወጡበት ነጥብ) አቆጣጠር አሥር ደቂቃ ብታማክሩኝ» ብለሽ ጻፊ። ታላላቆቹን ብቻ አትምረጪ፤ የወረቀቱ የመጀመሪያ ደራሲ የሆነው ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ያለ ተመራማሪ) ፕሮቶኮሉን በእጁ ያውቀዋል፣ መልስም ይሰጣል። አብረው የመጡ ያገር ልጆች ካሉ ምሳ ሰዓት ላይ አብራችሁ አትቀመጡ፤ ማታ ትገናኛላችሁ።

ጉባኤሽ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው፤ ኦገስት 21 ነሐሴ 15 ነው። ከጾምሽ የምዝገባው ቅጽ ላይ «ቪጋን» ብለሽ ጻፊ። «ጿሚ» ወይም «ሥጋ አልበላም» ካልሽ አይብና እንቁላል ነው የሚያቀርቡልሽ።

ተመላሽ የሚሆን ወጪ ከቀረሽ የመሳፈሪያ ወረቀቶቹን፣ የመመለሻውንም ጭምር፣ አትጣዪ፤ ያለ እነሱ ቲኬት መግዛትሽ እንጂ መጓዝሽ አይረጋገጥም። የባቡሩንና የኢንሹራንሱን ደረሰኝ ያኔውኑ በስልክ አንሺ፤ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ቦርሳ ውስጥ ይደበዝዛል። በብር የተከፈለ ደረሰኝ ካለ ምን እንደተገዛ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ፣ የዚያን ቀን የባንክ ምንዛሪ አያይዢ። የባንክሽን ስዊፍት ኮድ ከመሄድሽ በፊት ከቅርንጫፉ በጽሑፍ ተቀበዪ፤ የሒሳቡም ስም እንደ ፓስፖርቱ መጻፉን እዪ።